ሆሊውድ የማይሰማ ንግግር ይሸጣል፤ መስሚያውን ደግሞ ለብቻው!

ጤፍ ገዝቶ ቤቱ ሲደርስ ግማሹን ገለባ ሆኖ ያገኘ ሸማች ወደ ሻጩ ተመልሶ መሟገቱ የታወቀ ነው። ሻጩ «ጤፉስ ደህና ነበር፤ ደካማው ያንተ ወንፊት ነው» ብሎ ቢመልስለት ገበያው ሁሉ ይስቅበታል። በዓለም ላይ ትልቁ የፊልም ኢንዱስትሪ ግን ይህንኑ መልስ ለደንበኞቹ እየሰጠ ዓመታት አስቆጥሯል። የሣቀበትም የለም። በመቶ ሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር ገንዘብ የፈሰሰባቸው ፊልሞች ተሠርተው ይወጣሉ፤ ፍንዳታው ግድግዳ ያንቀጠቅጣል፣ ሙዚቃው ጆሮ ያደነቁራል፤ ተዋናዩ ምን እንዳለ ግን አይሰማም። ተመልካቹም ሪሞቱን ይዞ፣ ሹክሹክታ ሲመጣ ድምፅ እየጨመረ፣ ተኩስ ሲመጣ እየቀነሰ ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ሲሠራ ያመሻል።

«ይህ ጉዳይ የገበያ ገጽ ላይ ምን አመጣው? የኪነ ጥበብ ገጽ አይሻለውም ወይ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ደግሞ አጭር ነው፦ ጉዳዩ የዋጋ ጉዳይ ነው። አንድ ሸቀጥ ጉድለት ሲኖረው የማስተካከያው ወጪ በማን ኪስ ላይ ይወድቃል? በዚህ ንግድ ወጪው የሚወድቀው በገዢው ላይ ነው። ይባስ ብሎም ጉድለቱ ራሱ ሌላ ገበያ ፈጥሯል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አቤቱታው ከየት ተነሣ?

በ2011 መጨረሻ ላይ የዳይሬክተር ክሪስቶፈር ኖላን «ዘ ዳርክ ናይት ራይዝስ» ፊልም መክፈቻ ክፍል በአይማክስ ሲኒማ ቤቶች ለቅምሻ ታየ። አፉን በጭምብል የሸፈነው «ቤን» የተባለው ገጸ ባሕርይ የሚናገረው አይሰማም የሚል ጩኸት ያኔውኑ ተነሣ። በ2014 የዚሁ ዳይሬክተር «ኢንተርስቴላር» ሲወጣ አቤቱታው በዛና አሜሪካ ውስጥ አንድ ሲኒማ ቤት ማስታወቂያ እስከ መለጠፍ ደረሰ። የማስታወቂያው ፍሬ ነገር፣ መሣሪያዎቻችን በትክክል እየሠሩ ነው፤ ድምፁ እንዲህ የተቀናበረው በፊልሙ ባለቤቶች ፍላጎት ነው የሚል ነበር። ነጋዴ የሆነ አንባቢ የዚህን ማስታወቂያ ትርጉም ወዲያው ይገነዘባል። ቸርቻሪው «ዕቃውን እንደመጣልኝ ነው የምሸጠው፤ ክርክር ካላችሁ ከፋብሪካው ጋር» ማለቱ ነው።

ፋብሪካውስ ምን አለ? ኖላን በወቅቱ ለጋዜጠኞች በሰጠው መልስ፣ ግልጽነት የሚገኘው በንግግር ብቻ ነው የሚለውን አስተሳሰብ እንደማይቀበል፣ በአንዳንድ ትዕይንቶችም ንግግርን ሆን ብሎ እንደ አንድ ተጨማሪ ድምፅ እንደተጠቀመበት አስረድቷል። ተዋናዮች ከቀረጻ በኋላ ስቱዲዮ ገብተው ንግግራቸውን እንደገና እንዲቀዱ ማድረግም አይወድም። በቀረጻው ቦታ የተገኘውን ሕያው ትወና መጠበቅ እመርጣለሁ ይላል። «ኢንተርስቴላር» በዚያ ሁሉ አቤቱታ መካከል በኦስካር ሽልማት በድምፅ ቅንብር ዘርፍ ከታጩት ፊልሞች አንዱ ሆነ። በ2020 «ቴኔት» ሲመጣ ደግሞ ጊዜ ወደ ኋላ የሚሄድበት እጅግ የተወሳሰበ ታሪክ፣ በመተንፈሻ ጭምብል ውስጥ በሚነገርና በጀልባ ሞተር በሚዋጥ ንግግር ሲብራራ ታየ። ማብራሪያ በጣም የሚያስፈልገው ፊልም ማብራሪያው የማይሰማ ሆነ! ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

ነገሩ የአንድ ሰው ጠባይ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ግን ስሕተት ነው። በዚያው በ2014 የእንግሊዙ ቢቢሲ «ጃማይካ ኢን» የተባለ ተከታታይ ድራማ ሲያሳይ ተዋናዮቹ ያጉተመትማሉ፣ አይሰሙም ያሉ ከ2000 በላይ አቤቱታዎች ቀርበውበታል። ድራማው በእንግሊዝኛ የተሠራ፣ ለእንግሊዞች የቀረበ ነበር። የአገሩ ሰው በገዛ ቋንቋው ካልሰማ ሌላው ምን ይሁን?

ነገር ከሥሩ

ቀድሞ የፊልም ድምፅ የሚታተመው በፊልሙ ጠርዝ ላይ በብርሃን ነበር። ያ መሥመር ጠባብ ነው። በጣም ዝቅ ያለ ድምፅ በፊልሙ ሽውታ ይዋጣል፤ በጣም ከፍ ያለው ደግሞ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የድምፅ ባለሙያው ወደደም ጠላ ሁሉንም በመካከለኛው ሥፍራ ማጨቅ ነበረበት። ችግር ያስተማረው ቁጠባ ነው እንበል። በ1992 «ባትማን ሪተርንስ» በዶልቢ ዲጂታል፣ በ1993 ደግሞ «ጁራሲክ ፓርክ» በዲቲኤስ ድምፅ ሲወጡ ጠባቡ በር ተከፈተ። ከሹክሹክታ እስከ ነጎድጓድ ያለው ርቀት ሰፋ። ሰፊ ቦታ ያገኘ ሁሉ ደግሞ ቦታውን መሙላቱ አይቀርም። ፍንዳታው፣ ሙዚቃውና የሞተሩ ጩኸት ወደ ላይ ወጡ፤ ንግግር ግን ሰው ከሚናገርበት መጠን በላይ ሊወጣ አይችልምና ባለበት ቀረ።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ፤ ነጋዴ ቁጥር ይወዳል። በሲኒማ ቤት መሥፈርት መሠረት የአዳራሹ ድምፅ የሚስተካከለው፣ የመለኪያው ድምፅ በእያንዳንዱ የፊት ስፒከር 85 ዴሲቤል እንዲሆን ተደርጎ ነው። ከዚያ ላይ ለጫፉ የ20 ዴሲቤል ክፍት ቦታ አለ፤ ስለዚህ ጫፉ 105 ይደርሳል። ፊልሙ የተቀናበረውም በዚህ ልክ በተስተካከለ፣ ፀጥ ባለ፣ ግድግዳው ድምፅ እንዳያስተጋባ በተሸፈነ ክፍል ውስጥ ነው። በዚያ ክፍል ሁሉም ነገር ይሰማል።

ቤት ውስጥስ? ኔትፍሊክስ ፊልም ከሚያቀርቡለት ድርጅቶች የሚጠይቀውን መሥፈርት እንመልከት። የንግግሩ መጠን በአማካይ ከድምፁ ጣሪያ 27 ዴሲቤል ዝቅ እንዲል፣ ቅጽበታዊው ጫፍ ደግሞ ከጣሪያው 2 ዴሲቤል ብቻ ዝቅ ብሎ እንዲቆም ይፈቅዳል። በንግግሩና በጫፉ መካከል የ25 ዴሲቤል ልዩነት ሊኖር ይችላል ማለት ነው። በኃይል ሲሰላ ከ300 እጥፍ በላይ መሆኑ ነው! ንግግሩን ሰው ከሰው ጋር በሚነጋገርበት መጠን፣ ማለት በ60 ዴሲቤል ግድም ቢሰሙት ጫፉ 85 ይደርሳል፤ ጎረቤት ግድግዳ ይመታል። ልጅ ተኝቷል ብለው ጫፉን 70 ላይ ቢገድቡት ንግግሩ ወደ 45 ይወርዳል፤ ይህም ከማቀዝቀዣው ጉርምርምታ እምብዛም አይርቅም። ሪሞቱ የሚሰጥዎ ምርጫ ከሁለት አንዱን ብቻ ነው።

በዚህ ላይ ቴሌቪዥኑ ራሱ አለ። የድሮው ሆዳም ቴሌቪዥን ስፒከሩን በፊት ለፊቱ ይዞ ወደ ተመልካቹ ይናገር ነበር። ዛሬ የስስነት ውድድር ስለሆነ የብዙዎቹ ስፒከር ትንሽ ሆኖ ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ ተገፍቷል። ቴሌቪዥኑ የሚናገረው ከግድግዳው ጋር ነው። በሲኒማ ቤት ንግግሩ በአብዛኛው የሚወጣው በመጋረጃው መሐል ለብቻው ከተቀመጠ ስፒከር ነው፤ ሙዚቃው ከግራ ከቀኝ፣ ድባቡ ከጎን ይመጣል። በሁለት ትንንሽ ስፒከሮች ሲሰማ ግን ሁሉም በአንድ በር ሲጋፉ ደካማው ይረገጣል። ደካማው ንግግሩ ነው።

ሲኒማ ቤቱም ቢሆን ነፃ አይደለም። ፍንዳታው በዛ የሚል ደንበኛ ሲያማርር ባለ ሲኒማው መቆጣጠሪያውን ከመሥፈርቱ ከ7 ወደ 5 ያወርደዋል። ፍንዳታው ሲወርድ ንግግሩም አብሮ ወደ 7 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል። ፊልም ሠሪው ደግሞ «ሲኒማ ቤቶች ድምፅ ይቀንሱብናል» ብሎ በሚቀጥለው ፊልም ላይ ጩኸቱን ይጨምራል። ባለ ሲኒማው ይበልጥ ይቀንሳል። እንዲህ ዓይነቱን ሽኩቻ በዋጋ ጦርነት እናውቀዋለን፤ የሚጎዳውም ሁልጊዜ መሐል ላይ ያለው ነው።

ቀረጻው ቦታ ላይ ያለውንም በአጭሩ እንጥቀስ። ዛሬ በሁለትና በሦስት ካሜራ በአንድ ጊዜ ይቀረጻል፤ አንዱ ከሩቅ ሰፊውን ትዕይንት ሲይዝ ማይክሮፎን የያዘው ባለሙያ ወደ ተዋናዩ መጠጋት አይችልም። ልብስ ውስጥ የሚደበቀው ትንሽ ማይክሮፎን ይተካዋል፤ እሱም የጨርቅ ኮሽታ ያመጣል። ተዋናዩም በሹክሹክታ መናገርን የእውነተኛ ትወና ምልክት አድርጎታል። በመጨረሻ ቅንብሩ ላይ የሚቀመጡት ዳይሬክተሩና ባለሙያዎቹ ያንን ንግግር ከመቶ ጊዜ በላይ ሰምተውታል፤ ቃል በቃል ያውቁታል። ያወቁትን ነገር ባይሰማም ይሰሙታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ የራሱን ሸቀጥ ጉድለት የማይሰማው የመጀመሪያው ሰው ሠሪው ነው።

ሦስት ጊዜ የሚከፍለው ደንበኛ

እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራ። ተመልካቹ በመጀመሪያ ለፊልሙ ይከፍላል፤ በትኬት ወይም በወር ክፍያ። ሁለተኛ፣ ንግግሩ እንዲሰማው ሳውንድ ባር የሚባለውን ረጅም ስፒከር ይገዛል። አምራቾቹም ይህን ስለሚያውቁ «ንግግርን የሚያጎላ» የሚለውን ቁልፍ ዋና ማስታወቂያቸው አድርገውታል። ሶኖስ በ2025 በእንግሊዝ አገር መስማት የተሳናቸውን ከሚረዳ ድርጅት ጋር ሆኖ ንግግርን ከሌላው ድምፅ የሚለይ መሣሪያ ማቅረቡ፣ የገበያው ጥያቄ ምን ያህል እንደሆነ ይናገራል። አማዞንም በ2023 «ዳያሎግ ቡስት» የሚል ንግግር ማጉያ በራሱ የፊልም አገልግሎት ላይ ጨምሯል። ፊልሙን የሚያቀርበው ድርጅት ራሱ መጠገኛውን አብሮ ሲያቀርብ ጉድለት መኖሩን ማመኑ አይደለምን?

ሦስተኛው ክፍያ በገንዘብ አይቆጠርም፤ በዓይን ነው። ኔትፍሊክስ በ2025 እንደገለጸው በአሜሪካ ከሚታየው ጠቅላላ ሰዓት ግማሽ የሚጠጋው የሚታየው የግርጌ ጽሑፍ ተከፍቶ ነው። የግርጌ ጽሑፍ መስማት ለተሳነው ወገንና ቋንቋውን ለማያውቅ ሰው የተሠራ ታላቅ ነገር ነው። ለዚህ የሚከፍቱት ሁሉ የማይሰማቸው ናቸው ማለትም አይደለም፤ ልምድ የሆነበት፣ ልጅ ያስተኛበትም አለ። ነገር ግን ጆሮው ደህና የሆነ ሰው በገዛ ቋንቋው የተሠራውን ፊልም እያነበበ ሲያይ፣ በመቶ ሚሊዮን ዶላር የተሠራውን ምስል ትቶ ዓይኑን ታችኛው ጠርዝ ላይ ተክሎ ያመሻል። ለፊልም ከፍሎ ጽሑፍ ይዞ ይገባል።

«ገበያው ካልተቀየመ ምን አገባችሁ?»

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። የኖላን «ኦፐንሃይመር» በ2023 ወጥቶ፣ ንግግሩን በተመለከተ ተመሳሳይ ቅሬታ ቢሰማበትም፣ ከ950 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፤ ምርጥ ፊልም የሚለውን ጨምሮ ሰባት ኦስካር ወስዷል። ገዢው በእግሩ ድምፅ ሰጥቷል፤ ታዲያ ምን ቀረ? ይላሉ ተሟጋቾች።

መልሱ እንዲህ ነው። ትኬት ቀምሰው የሚገዙት ዕቃ አይደለም። ከፍለው ከገቡ በኋላ ነው መስማት አለመስማትዎ የሚታወቀው፤ አልሰማሁም ብለው ገንዘብዎን አያስመልሱም። ከዚህም በላይ ገዢው ጉድለቱን በራሱ ወጪ ሲያስተካክል ጉድለቱ በሻጩ መዝገብ ላይ አይታይም። ሳውንድ ባር የገዛ ሰው ለስቱዲዮው ኪሣራ ሆኖ አይቆጠርም፤ ለስፒከር ነጋዴው ትርፍ ነው። የግርጌ ጽሑፍ የከፈተውም እንደ ረካ ደንበኛ ይቆጠራል። ሻጭ የማይከፍልበትን ጉድለት እንዲያርም መጠበቅ የዋህነት ነው። ስለዚህ «ገበያው አልተቀየመም» ማለት «ገበያው ቅያሜውን የሚያሰማበት በር የለውም» ማለት ነው።

በር ሲከፈትለትማ ያሰማል። በአሜሪካ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ከፕሮግራሙ በላይ ይጮሃል የሚል ምሬት ለአሥርት ዓመታት ተሰምቶ ነበር። ባለ ማስታወቂያዎቹ አልሰሙም። በ2010 ሕግ ወጣ፤ በ2012 መጨረሻ ሥራ ላይ ዋለ፤ የማስታወቂያው ድምፅ ከፕሮግራሙ ጋር በአማካይ እንዲመጣጠን ተደረገ። የድምፅ መለኪያው ቀድሞም ነበረ። የጠፋው አስገዳጅ ነበር። ለፊልም ሕግ ይውጣ እያልን አይደለም፤ የዳይሬክተርን እጅ በሕግ ማሠር ለማንም አይበጅም። ሌላ፣ ርካሽ መንገድ አለ።

መድኃኒቱ በእጃቸው ነው

ብዙ ተመልካች የማያውቀው ነገር ቢኖር፣ ፊልሙ ሲያልቅ ንግግሩ፣ ሙዚቃውና ሌላው ድምፅ ለየብቻቸው ተቀምጠው መገኘታቸው ነው። ስቱዲዮዎቹ ፊልሙን ወደ ሌላ ቋንቋ ለሚመልሱ አገሮች ንግግር የሌለበትን፣ ሙዚቃና ድባብ ብቻ የያዘውን ቅጂ ይልካሉ፤ አገሩ የራሱን ንግግር ይጨምርበታል። ስለዚህ ንግግሩን ለይቶ ማጉላት አዲስ ፈጠራ አይጠይቅም። በርበሬውና ጨው በየማሰሮው አለ፤ ቀላቅሎ የሚያቀርበው ባለ ምግብ ቤት ነው። የጀርመኑ የሕዝብ ቴሌቪዥን ኤአርዲ «ግልጽ ንግግር» በሚል ስም ንግግሩ የጎላበትን ተጨማሪ የድምፅ ቅጂ ከዋናው ጎን ማቅረብ ጀምሯል። የፈለገ የዳይሬክተሩን ቅንብር ይሰማል፤ የፈለገ ግልጹን። ማንም አልተጎዳም። በመቶ ሚሊዮን ዶላር በጀት ውስጥ ሁለተኛ ቅንብር የሚጨምረው ወጪ ለመጥቀስም የማይበቃ ነው።

ለእኛ ነጋዴስ ምን ይነግረናል?

አማርኛ ተናጋሪው ተመልካች፣ አዲስ አበባም ይሁን ዋሽንግተን፣ ከዚህ ነገር የሚደርስበት ጉዳት የባሰ ነው። በሁለተኛ ቋንቋ የሚያዳምጥ ሰው በጫጫታ መካከል ከአፍ መፍቻ ተናጋሪው ይልቅ እንደሚቸገር ተመራማሪዎች ደጋግመው አረጋግጠዋል። የአገሩ ሰው የጎደለውን ቃል በግምት ይሞላል፤ የእኛ ሰው ግን ግምቱም ሲያልቅበት «እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው» ብሎ ራሱን ይወቅሳል። ጥፋቱ የሻጩ ሆኖ ሳለ ገዢው አፈረ! ቃና ቴሌቪዥን በ2016 የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ንግግር ይዞ ሲመጣ ያገኘውን ተመልካች ያስታወሰ ሰው፣ የሚሰማ ንግግር ራሱን የቻለ ሸቀጥ መሆኑን አይክድም። በስቱዲዮ፣ ከማይክሮፎን አጠገብ የተነገረ ቃል ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ስለ ትርጉሙና ስለ ለዛው የተነሣው ክርክር ሌላ ነው።

ከዚህ ተነሥተን ጥቂት ተግባራዊ ነገር እንበል። ቴሌቪዥን አስመጪውና ቸርቻሪው ሱቁ ውስጥ ሁልጊዜ የሚያሳየው የሙዚቃ ክሊፕና የተኩስ ፊልም ነው፤ ያን ጊዜ ሁሉም ስፒከር ጥሩ ይመስላል። ገዢ የሆኑ አንባቢ ሁለት ሰዎች በዝግታ የሚነጋገሩበትን ትዕይንት ያስከፍቱ፤ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ይሂዱና ያዳምጡ። ስፒከሩ ወደ ፊት ነው ወደ ግድግዳ? ብለውም ይጠይቁ። ሲኒማ ቤት ለመክፈት ያሰበ ባለሀብትም ወንበርና መጋረጃ ላይ ከሚያወጣው ቀንሶ ለመሐለኛው ስፒከርና ለግድግዳው ሽፋን ይመድብ፤ ተመልካች የሚመለሰው ወሬውን ሰምቶ ለጓደኛው መንገር ሲችል ነው። በአማርኛ ፊልም ላይ ገንዘቡን ያዋለ ሰው ደግሞ ሥራው ከመውጣቱ በፊት ታሪኩን የማያውቅ አንድ ሰው ጠርቶ፣ በተራ ቴሌቪዥን አሳይቶ፣ «ምን አሉ?» ብሎ ይጠይቀው። ወጪው አንድ ምሽት ነው።

ለሆሊውድ የሚቀርበው ጥያቄም ከዚህ የተለየ አይደለም። ሸቀጡን ፀጥ ባለው ስቱዲዮ ሣይሆን ገዢው በሚገኝበት ሳሎን ፈትኑት፤ ግልጹን ቅጂ ከዋናው ጎን አስቀምጡ። እስከዚያው ድረስ ተመልካቹ በየአገልግሎቱ የአስተያየት መቀበያ ላይ «አልሰማሁም» ብሎ መጻፍ ይልመድ፤ ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም። ሳውንድ ባር ገዝቶ ዝም ያለ ደንበኛ በሻጩ መዝገብ ላይ እንደ ረካ ይመዘገባል።